ፒክ ፍሎ ሜትር፦ ለአስም ታማሚ ቤት የሚገባ መለኪያ

አዳማ ውስጥ አስም ላለበት ሰው፣ በተለይ ነፋሱ አቧራውን በሚያነሳበት ወቅት፣ ይህ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከፓፉ ጎን መቀመጥ አለበት። ባትሪ አይፈልግም፤ ትንፋሽ የሚወጣበትን ፍጥነት በሊትር በደቂቃ ያሳያል። ሲገዙ የቁጥሩን መጨረሻ ይዩ። የአዋቂው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 800 ይደርሳል፤ 400 ላይ የሚያበቃው የሕፃናቱ ለጎረምሳ አይበቃም።

ስህተቱ የሚመጣው አነፋፉ ላይ ነው። ቀስቱን ወደ ታች ይመልሱ፣ ይቁሙ፣ ደረትዎ እስኪሞላ አየር ይሳቡ፣ ከንፈርዎን ግጥም አድርገው አንዴ በኃይል እፍ ይበሉ። ሦስቴ ነፍተው ትልቁን ይጻፉ፤ አማካዩን አይደለም። ጣት ቀስቱን ከነካ ቁጥሩ ያንሳል፤ እንደ መትፋት ተደርጎ ከተነፋ ደግሞ በሐሰት ይጨምራል።

ስፓይሮሜትሪ (የሳንባን አሠራር በዝርዝር የሚለካው የሐኪም ቤት ምርመራ) በሌለበት ለምርመራም ያግዛል። ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧን ቶሎ የሚከፍተው ፓፍ) ከተወሰደ ከ15 ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ካደገ (ለምሳሌ ከ300 ወደ 360) አስምን ይጠቁማል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፈርድም፤ ሐኪም ምልክቶቹንም ማየት አለበት።

ለክትትል መነሻው ደህና በሆኑበት ጊዜ የተገኘው የራስዎ ትልቁ ቁጥር ነው። ከእሱ 80 በመቶ በታች ሲወርድ ሐኪሙ ባዘዘው ዕቅድ መሠረት መድኃኒቱን ያስተካክሉ፤ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ሳልቡታሞሉን ወስደው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሳልቡታሞል ብቻ እየሳቡ መኖር ግን አደገኛ ነው፤ የሳንባውን ብግነት የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳበው ስቴሮይድ ነው።

ጉድለቱ፣ የአንዱ ሞዴል ቁጥር ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ መሣሪያ ይለኩ።