ምስጋና ለሱሉልታው የዋና አሰልጣኝ፤ በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ዋና ለመጀመር ለምታስቡም ጥቆማ

ከአዲሱ ገበያ በጎጃም በር ወጥታችሁ ሱሉልታ ስትደርሱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ባለ 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ አዋቂዎችን ብቻ ዋና የሚያስተምር ወንድም አለ። ይህ ጽሁፍ ለእሱ ምስጋና ነው። ስሜን አትጻፉ ስላለ አንጽፍም። ሥራውን ግን ዘርዘር አድርገን እንጽፈዋለን፤ "ጎበዝ ነው፣ ሂዱ" ማለት ብቻውን ለማንም አይጠቅምምና።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ልጆችን ዋና የሚያስተምር አይጠፋም። አዋቂ ሲመጣ ግን አብዛኛው የልጆቹን ትምህርት ነው የሚሰጠው፤ መንሳፈፊያ ቦርድ ያስይዝና "እግር ምታ" ይላል። ልጅ ውሃ ቢጠጣ ያስለውና ተመልሶ ይገባል። የ45 ዓመት ሰው አንዴ ውሃ ከጠጣ አንገቱ ይገተራል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ነገር ሁሉ ጆሮው አይገባም። የሱሉልታው አሰልጣኝ ይህን ስለሚያውቅ ቅደም ተከተሉን አያፋልስም፤ መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ውሃ ላይ አተኛኘት፣ ከዚያ እግር፣ እጅ በመጨረሻ። በአንድ ቀን ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ ስህተት ብቻ ይነግራል። ሌላ አምስት ቢያይም ዝም ይላል፤ ለቀጣዩ ቀን ደብተሩ ላይ ያሰፍረዋል።

ትንፋሹ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አዋቂ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነውና። ሰዉ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲከት ትንፋሹን ቆልፎ ይይዛል። ቀና ሲል በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ማስወጣትም ማስገባትም ይኖርበታል፣ አይችልም። ደረቱ ባልወጣ አየር እንደተሞላ በላዩ ላይ ሊጨምርበት ይታገላል። ያ "አየር አጠረኝ" የሚለው ጭንቀት ደግሞ በአብዛኛው የኦክስጅን እጥረት ሳይሆን ያልወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም የሚሰጠው ስሜት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከማስወጣት ይጀምራል። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሞ የገንዳውን ጠርዝ መያዝ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ አግብቶ በአፍንጫ "እምምም" እያሉ እስከ አራት መቁጠር፣ ቀና ብሎ በአፍ መሳብ፣ ተመልሶ መግባት። 20 ጊዜ። አንድ ሕግ አለው፤ በመሃል ፊት መጥረግ ክልክል ነው። በእጁ ፊቱን የሚጠርግ ሰው ገና ውሃውን አልለመደውም፣ እጆቹም ለዋና ነጻ አልሆኑም። 20ውን ፊቱን ሳይነካ እስኪጨርስ ወደሚቀጥለው አያልፍም። አንዳንዱ በአንድ ቀን ይጨርሳል፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ማንንም አያጣድፍም። በዕድሜ ለገፉት "ጋሼ፣ አይቸኩሉ፣ አየሩ የትም አይሄድም" ሲላቸው መስማት ደስ ይላል።

ከዚያ ጉልበት አቅፎ በደረት መንሳፈፍ ይመጣል፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ብዙ አሰልጣኝ የሚዘለው ነገር፣ ከተንሳፈፉበት ተነስቶ መቆም። ጀማሪ ደረቱ በሚደርስ ውሃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል፤ ከተኛበት እንዴት እግሩን እንደሚያወርድ ስላላወቀ። በደረት ለተንሳፈፈ አሠራሩ ይሄ ነው፤ ሁለቱን ጉልበት ወደ ሆድ መሳብ፣ በመዳፍ ውሃውን ወደ ታች መጫን፣ እግር ወለሉን ሲነካ ጭንቅላትን በመጨረሻ ማንሳት። ጭንቅላቱን ቀድሞ ያነሳ ሰው እግሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ እንደገና በግንባሩ ይደፋል። መነሳቱን 10 ጊዜ ከደረት፣ 10 ጊዜ ከጀርባ ያሠራል።

አተኛኘት ላይ የሚጠቀምበት መሣሪያ የአንድ ብር ሳንቲም ነው። ሰውየው ሊዋኝ ሲል ገንዳው ወለል ላይ በየ5 ሜትሩ ሳንቲም ይጥልና ወዲያ ማዶ ሲደርስ ይጠይቀዋል፤ "ሦስተኛው አንበሳ ነው ሚዛን?" መመለስ የሚችለው ዓይኑ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያየ ብቻ ነው። ወደ ፊት እያየ የሚዋኝ ሰው ጭንቅላቱ ከፍ ሲል ዳሌው ይወርዳል፤ ሳንባችን እንደ ጎማ ደረትን ያንሳፍፋል፣ እግር ግን ከባድ ነው፣ በተለይ የወንድ እግር። ዳሌው ወርዶ የሚዋኝ ሰው ዳገት የሚገፋ ያህል ይደክማል። "ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ" ተብሎ መቶ ጊዜ ቢነገረው የማያደርገውን፣ ሳንቲሟ በአንድ ጠዋት ታስደርገዋለች።

እግር ላይ የሱሉልታ የራሷ ችግር አለ። አካባቢው የሯጭ ሀገር ነው፤ ለዋና ከሚመጡት ብዙዎቹ ጉልበታቸው ያመማቸው ሯጮች ናቸው። ትንፋሻቸው ግሩም ነው፣ ቁርጭምጭሚታቸው ግን እንደ በር ማጠፊያ ደርቋል። ቦርድ አስይዛችሁ እግር አስመቷቸው፤ አንዳንዱ ካለበት አይነቃነቅም፣ አንዳንዱ ጭራሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። እግራቸው ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ውሃውን ወደ ፊት ስለሚገፋው ነው። መፍትሔው ጉልበት መጨመር አይደለም። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተረከዝ ላይ ቁጭ ብሎ በቀን 2 ደቂቃ የእግርን ጀርባ ማሳሳብ ነው፤ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ግን ይህን ትቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጁ ያሳስበዋል። ገንዳ ውስጥ ደግሞ አጭር የእግር ክንፍ አድርጎ 4 ጊዜ 25 ሜትር። ምቱ ከዳሌ ይነሳል፣ ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል፣ እግሩ ከውሃ አይወጣም። ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ጉልበቱን ወደ ሆዱ እየሳበ የሚመታ ካለ ቦርዱን ይነጥቀውና በጀርባው አስተኝቶ ያስመታዋል። ጉልበቱ ከውሃ ብቅ ባለ ቁጥር ራሱ ያየዋል።

እጅ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ያያል። አንደኛው፣ እጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ በትከሻ ትይዩ ነው ወይስ ከጭንቅላት ፊት መሃሉን ያቋርጣል? የሚያቋርጥ ሰው እንደ እባብ እየተጣመመ ይሄዳል፣ ከርሞም ትከሻውን ያመዋል። አውራ ጣት አስቀድሞ ማስገባትም ያው የትከሻ ሕመም ያመጣል፤ የሚገባው የመሃል ጣት ጫፍ ነው። ሁለተኛው፣ ሲስብ ክርን ከመዳፍ በላይ ቆሟል ወይ? ክርኑ ቀድሞ ከወደቀ መዳፉ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል እንጂ ወደ ኋላ አይገፋም። ለዚህ እጃቸውን በቡጢ ጨብጠው 25 ሜትር እንዲዋኙ ያደርጋል። መዳፍ ሲያጡ ክንዳቸውን መጠቀም ግድ ይላቸዋል፤ ቡጢው ሲፈታ ውሃው እጅ ላይ ሲከብድ ይሰማል። ጣትን አጥብቆ መግጠም አያስፈልግም፣ በመሃል ትንሽ ክፍተት ቢኖር ጉዳት የለውም።

አየር ሲሳብ ከሁለቱ የመነጽር መስታወቶች አንደኛው ውሃ ውስጥ መቅረት አለበት፤ ሁለቱም ከወጡ ጭንቅላት ተነስቷል ማለት ነው። በየሦስት ቀዘፋ (የእጅ ምት) መተንፈስ የሚባለውን ጀማሪ ላይ አይጭንም፤ እዚህ ላይ ከብዙ አሰልጣኞች ይለያል፣ በእኛም እይታ ትክክል ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል፣ አንድ ትንፋሽ የሚያመጣው ኦክስጅንም እንደዚያው። እዚያ ላይ ጀማሪን በየሦስት ተንፍስ ማለት ቅጣት ነው። በየሁለት ቀዘፋው ይተነፍሳሉ፤ አንገት እንዳይጣመም ሲሄዱ በቀኝ፣ ሲመለሱ በግራ።

ሥልጠናው በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 45 ደቂቃ ነው። አንዴ መጥቶ ሁለት ሰዓት የሚቆየውን አይቀበልም፤ በሳምንት አንዴ ብቻ የተሞከረ ነገር ሰውነት ውስጥ ቶሎ አይጸናም፣ ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ የሚዋኘው ደግሞ ድካሙ እንጂ ሰውየው አይደለም። ትንፋሽና አተኛኘት ካለፉ በኋላ አንዱ ቀን ይህን ይመስላል፤ 4 ጊዜ 25 ሜትር ቀስ ብሎ ማሟሟቂያ፣ 6 ጊዜ 25 በዚያ ቀን ስህተት ላይ ያነጣጠረ ልምምድ፣ 8 ጊዜ 25 ሙሉ ዋና በየመሃሉ 45 ሰከንድ እረፍት፣ መጨረሻ ላይ 2 ጊዜ 25 በጀርባ። ድምሩ 500 ሜትር ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እረፍቱ ወደ 30 ሰከንድ ይወርዳል። ከዚያ 8ቱ 25 ወደ 4 ጊዜ 50 ይለወጣል፣ እረፍቱ ግን ተመልሶ 45 ይሆናል። ርቀትና እረፍትን በአንድ ሳምንት አብሮ አይነካም፤ ሁለቱም ከተነኩ የትኛው እንደጣለው አይታወቅም።

ደብተሩ የሚገርም ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ አንድ 25 ሜትር ይመዘግባል፤ ስንት ቀዘፋ፣ ስንት ሰከንድ። ሁለቱን ይደምራቸዋል። 32 ቀዘፋ በ40 ሰከንድ 72 ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ 25 ቀዘፋ በ37 ሰከንድ ከሆነ 62፣ ያ እድገት ነው። ቀዘፋው ወደ 19 ወርዶ ሰከንዱ 46 ከሆነ ግን አያጨበጭብም። ሰውየው ቀዘፋ ለመቆጠብ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ ውሃው ላይ ፍሬን ይዟል ማለት ነው። የ50 ዓመት ሰው ዕድገቱን በዓይኑ ካላየ በሦስተኛው ወር ይተዋል፤ ቁጥሩን ሲያይ ግን ይቆያል።

ጥልቁ ውሃ ውስጥ የሚገቡት በጀርባ ተንሳፍፈው 2 ደቂቃ፣ በቁም እየቀዘፉ ደግሞ ሌላ 2 ደቂቃ መቆየት ሲችሉ ነው። ባት ቢሸመቅቅ የሚደረገውን እዚያው ያለማምዳል፤ በጀርባ መገልበጥ፣ የእግር ጣትን ይዞ ወደ ቅልጥም መሳብ፣ መጮህ ካስፈለገ መጮህ። በትንፋሽ ከውሃ ሥር ማን ይርቃል የሚባለውን ውድድር ፈጽሞ ይከለክላል። በተለይ አስቀድሞ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ አደገኛ ነው፤ ኦክስጅኑን ብዙም አይጨምርም፣ "ውጣ" የሚለንን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ያጥባል። ሰውየው ሳይጨንቀው ራሱን ይስታል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

ስለ ገንዳውም እንናገር። የወለሉ ፍሳሽ ወንፊት ከላይ ሆኖ ጥርት ብሎ ካልታየ ማንንም አያስገባም። የውሃውን የአሲድነት ልክ (ፒኤች) ከ7.2 እስከ 7.8፣ ነጻ (ገና ከቆሻሻ ጋር ያልተዋሐደ) ክሎሪኑን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም መሃል መሆኑን ጠዋት ጠዋት ይለካል። ዓይን የሚያቃጥል ኃይለኛ ሽታ ክሎሪን በዛ ማለት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ ደክሟል ማለት ነው። ሳይታጠቡ መግባት የማይፈቅደው ለዚህ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ይወጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራም አይይዝም።

ጉድለቱንም እንንገራችሁ። አርፍዶ የመጣን ሰው ማሟሟቂያ ስላመለጠው ጭራሽ አያስገባውም፣ ሂሳቡንም አይመልስም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ4 ሰው በላይ ስለማይቀበል ወረፋ አለ። ቢራቢሮ የሚባለውን የዋና ስልት መማር የሚፈልግ ሌላ ሰው ይፈልግ፣ እሱ አያስተምርም። ውሃው ይሞቃል፣ መታጠቢያ ቤቱ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ያንዘፈዝፋል፤ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ አታፍሩ። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾሙ ወደ 11 ሰዓት ያዛውራቸዋል፤ በረመዳንም ሰዓቱን እንደየሰው ያስተካክላል።

ከመሄዳችሁ በፊት የደም ግፊት፣ የልብ፣ የአስም፣ የሚጥል ሕመም ወይም የጆሮ ታምቡር ችግር ያለባችሁ ሐኪም አማክራችሁ ለእሱም ንገሩት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም ይህንኑ ነው። መነጽር ስትገዙ ላስቲኩን ሳታስሩ ዓይናችሁ ላይ ጫን አድርጉት፤ ለሁለት ሰከንድ ካልያዘ ለፊታችሁ አይሆንም፣ ላስቲክ ማጥበቅ አያድነውም። ውስጡን በጣት አትጥረጉት፣ ጭጋግ የሚከላከለው ቅብ ይለቃል። ሹሩባ የተሠራችሁ እህቶች ፀጉራችሁን አስቀድማችሁ በንጹሕ ውሃ አርሱት፣ የጠገበ ፀጉር ክሎሪን ብዙ አይጠጣም፤ ከዚያ ሰፋ ያለ ቆብ አድርጉ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እሱን ጠይቀን እንሰጣችኋለን። ስትሄዱ ሁለት ሦስት የአንድ ብር ሳንቲም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ የእሱ እየተለቀመ አልቆበታል።