ዲኤክሴ ላይ 5ኬ ሞተር ካስገጠምኩ አሥራ አንድ ወር፦ ጥፋቱ የሞተሩ አልነበረም

ሞተሩን በመለወጤ አልተጸጸትኩም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከዚህ በታች የማሰማውን ምሬት ያነበበ ሰው «አሮጌ መኪና ላይ ሌላ ሞተር መጫን ድሮም ስሕተት ነው» ብሎ እንዳይደመድም ነው። ሞተሩ አልበደለኝም። የተበደልኩት ከቡና ሲኒ አፍ በማይሰፋ፣ ከሞተሩ ዋጋ አጠገብ ሲቀመጥ ዋጋ አለው በማይባል፣ ቴርሞስታት በሚሉት አንድ ዕቃ ነው። ያም ዕቃ ቦታው ላይ ባለመኖሩ አምስት ወር ሙሉ ነዳጅ፣ ዘይትና እንቅልፍ አጣሁ።

መኪናዋ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት ኮሮላ ኬኢ70 ናት። ይህ በ1979 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ትውልድ፣ ሁሉም የኮሮላ ሞዴሎች በኋላ ጎማ የሚነዱበት የመጨረሻው ነው። ከአባቴ የተረከብኳት ናት። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ ደርሶ መልስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ1850 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ 2500 ሜትር አካባቢ የሚደርስ መንገድ ነው፤ ዋናው ፈተና ደግሞ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። አብሯት የመጣው 4ኬ ሞተር በመጨረሻው ዓመቱ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ሰማያዊ ጭስ እየተፋ፣ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ያሳዝነኝ ነበር። ከኋላዬ ኮንቴይነር የጫኑት ከባድ መኪናዎች መብራት ያበሩብኝ ነበር። ኮንቴይነር በጫነ መኪና ዳገት ላይ መቀደም ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት አያውቀውም።

በዚያን ጊዜ ምክር የሰጡኝ ሁሉ «ሽጣትና ቪትዝ ግዛ» አሉኝ። ለእነሱ ያኔ ያልመለስኩትን አሁን ልመልስ። ወንድሜ ደላላ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አንተ የምታቀርብልኝ ቪትዝ ቢያንስ ሁለትና ሦስት እጅ የተላለፈ ነው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጣጣውን ግን አንተ አትነግረኝም። የእኔን መኪና ከአንደኛዋ ቡሎን እስከ መጨረሻዋ አውቃታለሁ። የማላውቀውን ሰው መኪና ከምገዛ የማውቀውን መኪና ሞተር መለወጥ ይሻለኛል ብዬ ወሰንኩ፤ ዛሬም እንደዚያው እወስናለሁ።

5ኬን የመረጥኩት በሒሳብ ነው። የሁለቱም ፒስተን ምልልስ 73 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት ግን በ4ኬ 75፣ በ5ኬ 80.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 1290 ሲሲ የነበረው 1486 ይሆናል። «ለዲኤክስ ይበዛል» ያሉኝ ነበሩ። ደሴ ላይ ቆሞ እንዲህ የሚል ሰው የሚተነፍሰውን አየር ረስቶታል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ስለዚህ 4ኬው እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሆኖ የሚስበው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ የ1000 ሲሲ ሞተር ከሚስበው አይበልጥም። 5ኬም ቢሆን እዚህ ከ1150 ብዙም አያልፍም። ትልቁ ሞተር ደሴ ላይ፣ ትንሹ ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ የሚያገኘውን አየር እንኳ አያገኝም ማለት ነው። ይበዛል የተባለው ይህ ነው።

ሞተሩን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገዛሁት። ከቶዮታ ቫን የወጣ ነው። ዋጋው ጥሩ ጥንድ የእርሻ በሬ ይገዛል፤ ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፣ ብሩ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ነገ ትርጉም አይኖረውም። ገጠማው ጥቅምት ውስጥ ኮምቦልቻ በአንድ ጋራዥ አራት ቀን ፈጀ። ሁለቱ ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ የነበረው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) 5ኬውን ያለ ክርክር ተቀበለው። የቫኑ የታችኛው ዘይት ማጠራቀሚያ ከኮሮላ የፊት ብረት ጋር ስለማይስማማ የ4ኬውን ከነዘይት መሳቢያ ቱቦው አዛወርን። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው)፣ የፍሪሲዮን ሸራና ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ሆኑ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሞተር ቁጥር ማስለወጡም ጥቂት ሳምንት ወሰደ፤ ሞተር የሚለውጥ ሰው የግዢ ወረቀቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ።

ታዲያ በአራተኛው ቀን መካኒኩ ሞተሩን ሲገጣጥም እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሞተሩ ተነሥቶ በለስላሳ ድምፅ ይሠራል። ደስታዬ ሌላ ነገር እንድጠይቅ አላደረገኝም። የዚያን ዕለት ማታ ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሁለተኛ አልመለስኩም። አዝዋ ገደል ጫፍ ላይ ሆኜ የኮምቦልቻን መብራት ቁልቁል ሳይ አባቴ ይህን ቢያይ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ኅዳር ሲገባ ችግሩ መታየት ጀመረ። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ምን ያህል እንደምትቀዘቅዝ ለደሴ ሰው አልነግርም። ጠዋት ሞተሩን አስነሥቼ ቾኩን ሳብ አድርጌ እወርዳለሁ። ቁልቁለቱን በሞተር እየያዝኩ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ እስከ ኮምቦልቻ ስለምወርድ ሞተሩ የሚሞቅበት ምክንያት ያጣል። የሙቀት ጠቋሚው ከታችኛው መስመር ሳይነቃነቅ ቦርከና ድልድይ ጋ እደርሳለሁ። እኔ ግን ይህን እንደ በጎ ነገር አየሁት። ድሮ 4ኬው ሲያፈላብኝ ስለኖርኩ፣ ጠቋሚው ታች መቀመጡን የጤና ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት። ከዚያ ነዳጁ መጣ። 4ኬው በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር፤ አዲሱ ሞተር 8 ላይ ቆመ። ትልቅ ሞተር ትንሽ እንደሚጨምር አውቃለሁ፣ ይህን ያህል ግን አይደለም። ካንዴላው ሲፈታ ጥቀርሻ ለብሷል። በጥር መጨረሻ የዘይት መሙያውን ክዳን ብከፍት ከሥሩ አሬራ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል።

ይህን ያየ መካኒክ ሁሉ አንድ ቃል ነው የሚናገረው፦ ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ። ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ተፈትቶ ይላጭ። ሁለት ጋራዥ ሄድኩ፤ ሁለቱም ይህንኑ አሉኝ። አንደኛው «አሮጌ ዕቃ ገዝተህ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎኝ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። ለማስፈታት ቀን ቆረጥኩ፣ ብርም ተበደርኩ።

ያዳነኝ የጎረቤቴ አባት ነው። ድሮ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ኮፋኖውን ከፍቼ ስተክዝ አዩኝና ሞተሩ ከማታ ጀምሮ እንዳልተነሣ ጠየቁኝ። «አልተነሣም አባባ» አልኳቸው። «እንግዲያስ አስነሣው» አሉኝ፤ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን የውሃ ጎማ በመዳፋቸው ያዙት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆዩም።

«ልጄ፣ ቴስታታውን አታስከፍት። ይህ ሞተር ብርድ መትቶት ነው።»

ነገሩን አስረዱኝ። ቴርሞስታት ያለው ሞተር ሲነሣ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ በሩ ዝግ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ የላይኛው ጎማ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ በውስጡ ያለው ሰም ቀልጦ ይለጠጥና በሩን ይገፋዋል፣ ጎማውም በድንገት ይሞቃል። የእኔ ጎማ ግን ሞተሩ በተነሣ በሁለት ደቂቃ ለብ ብሎ ነበር። «በሩ የለም» አሉኝ። የቴርሞስታቱን ቤት የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ፈታን። ባዶ ነበር። ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበት ክብ ጎድጓዳ በሲሊኮን ማጣበቂያ ተደፍኗል።

ያ ነጭ አሬራም ከራዲያተር የመጣ ውሃ አልነበረም። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ጭስ ውስጥ የውሃ እንፋሎት አለ፤ ጥቂቱ በፋሻ በኩል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። የሞቀ ሞተር መልሶ አትንኖ ያስወጣዋል። የማይሞቅ ሞተር ውስጥ ግን ክዳኑ ሥር ይጠራቀምና ከዘይት ጋር ይናጣል። በትክክል ያልነደደው ቤንዚንም የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሊቃጠል ይችላል ብዬ ስፈራለት የነበረው ሞተር ከብርድ የተነሣ እያለቀ ነበር!

ኮምቦልቻ ወርጄ የገጠመልኝን መካኒክ ጠየቅሁት። አልካደም። «ወንድሜ፣ ቴርሞስታት ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፤ እኛ አገር ያስፈላል እንጂ ምን ይጠቅማል? ለሁሉም አወጣዋለሁ» አለኝ። ይህን ቃል ከእሱ በፊትም ከብዙ መካኒኮች ሰምቼዋለሁ፤ ለሁሉም የምመልሰው ይህ ነው። በዝገት ተጣብቆ አልከፈት ያለ ቴርሞስታት ሞተር እንደሚያፈላ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን አዲስ መግጠም ነው። በሩ የተጣበቀበት ሰው ቁልፉን ያስጠግናል፣ በሩን ገንጥሎ አይጥልም። «አገራችን ሞቃት ነው» የምትለኝ አንተ፣ የትኛውን አገር ነው የምትለው? ሚሌ በረሃ ላይ ብትለኝ እንከራከር ነበር። እኔ የምነዳው ከደሴ ነው፣ በታኅሣሥ፣ ቁልቁል!

አዲሱን ቴርሞስታት ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ሦስት ሱቅ የሌላ መኪና ዕቃ አውጥተው «ይሄዳል» አሉኝ። በመጨረሻ 82 የሚል ማኅተም ያለበት አገኘሁና ቤት ወስጄ በክር አንጠልጥዬ ድስት ውስጥ ፈተንኩት። ከላቦራቶሪ ባለሙያ ጓደኛዬ ቴርሞሜትር ተውሼ ነበር። 82 ላይ መከፈት ጀመረ፤ ውሃው ሲፈላ ግን ገና በከፊል ነበር የተከፈተው። አብሮኝ ያየው ጎረቤቴ «ይህም ብልሹ ነው፣ መልሰው» አለኝ። ልመልሰው ተነሥቼ ነበር፤ ከዚያ ቴርሞሜትሩን ሳየው ከ91 ጥቂት ከፍ ብሎ ቆሟል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው እዚያ ላይ ነው! ይህ ዕቃ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ስለሆነ በተከፈተ ድስት ደሴ ውስጥ ሙሉ መከፈቱን ማየት አይቻልም። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ቴርሞስታት ተጥሎ ይሆን?

ይኸው ነገር የራዲያተር ክዳንንም ይመለከታል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃው ገና በ91 ይፈላል፤ ደህና ክዳን ሲኖር ግን ከ110 በላይ ይታገሣል። ዲኤክሶች ሐረጎ ላይ ኮፋኖ ከፍተው ሲቆሙ የማየው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቴርሞስታት ሳይሆን የዚህ ክዳን ይመስለኛል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን አዲስ አደረግሁ።

ከመጋቢት ወዲህ መኪናዋ ሌላ መኪና ናት። ጠዋት ሰፈራችንን ሳልወጣ ጠቋሚው ይነሣል፣ በቁልቁለቱም መሐል ላይ ጸንቶ ይቆያል። ፍጆታው በሊትር ወደ 10 ከግማሽ ተመለሰ። ዘይቱን ሁለት ጊዜ አከታትዬ ለወጥኩ፤ ክዳኑ ሥር አሬራ የለም። ማሞቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬን አሞቀኝ፤ ሐምሌ ላይ ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ መስታወቱ ሲያላብብኝ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ልናገር አልችልም። ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ የቫልቭ መንኳኳት አለ፣ ዘይቱ ሲደርስ ይጠፋል። ሌላ የምለው የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ለዘይት ለውጥ ወደዚያው መካኒክ ሄድኩ። እጁ ጥሩ ነው፣ ገጠማው እስካሁን አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም፤ ስለዚህ አልጣልኩትም። ያወጣውን የእኔን ቴርሞስታት እንዲመልስልኝ ጠየቅሁት። ከመደርደሪያ ሥር አንድ የዘይት ቆርቆሮ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። አሥራ አራት ነበሩ። ሁሉንም ለምኜ ወደ ቤት ወሰድኳቸውና እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ቀቀልኳቸው። ዘጠኙ ከ85 ዲግሪ በፊት ተከፈቱ። ከዘጠኙ ስድስቱ 82 የሚል ማኅተም አላቸው። የእኔ የትኛው እንደሆነ መካኒኩም አያስታውስም።