ታቀዱም ከስምንት ወር በኋላ፦ ራሱን የሚያጠፋ መስመር

ሥራው የት እንደደረሰ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የሚያሳየው የፓይተን ላይብረሪ ታቀዱም (ስሙ «መሻሻል» ከሚል የዐረብኛ ቃል የተወሰደ ነው) ስምንት ወር ያለ ዕረፍት ሠርቷል፦ ፋይል ሲወርድ፣ የፎቶ መጠን ሲቀነስ፣ ዳታቤዝ ሲገለበጥ።

ያለ እሱ ብዙ ሰው የሚሞክረው ካሪጅ ሪተርን የተባለውን ልዩ ምልክት ነው። ካሪጅ ሪተርን ከርሰሩን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል እንጂ የተጻፈውን አይነካም። «እየወረደ ነው» በሚለው ላይ «አለቀ» ቢጻፍበት የሚታየው «አለቀረደ ነው» ይሆናል። በዚያ ላይ ፕሪንት ሲደረግ ፍላሽ (ጽሑፉን ወዲያው እንዲያወጣ የሚያዝ ትእዛዝ) ካልታከለበት ጽሑፉ ተጠራቅሞ ይቆይና መጨረሻ ላይ ዱብ ይላል።

ታቀዱም ሁለቱንም ይፈታል። የቀደመውን ጽሑፍ ርዝመት ይይዝና አዲሱ ሲያጥር ትርፉን በባዶ ቦታ ይሸፍናል፤ ፍላሹንም ራሱ ያደርጋል። መስመር ለማጥፋት የኢስኬፕ ኮድ (ለተርሚናሉ ትእዛዝ የሚሰጥ የምልክቶች ቅደም ተከተል) አለመጠቀሙ ኋላ ቀር ይመስላል፤ ግን ኮዱን በማያውቅ ተርሚናል ላይም የሚሠራው በዚህ ነው። ኮዱን የሚፈልገው ብዙ መስመር ሲደራረብና ከርሰሩ ወደ ላይ መውጣት ሲኖርበት ነው።

በሉፕ (በሚደጋገም የኮድ ክፍል) ውስጥ ሌላ ሉፕ ካለ የውስጠኛውን «ሊቭ» (ያለቀው መስመር ይቆይ ወይስ ይጥፋ የሚለውን አማራጭ) «ፎልስ» ማድረግ ግድ ነው፤ አለዚያ ያለቀው መስመር ሁሉ ተርሚናሉ ላይ ይከመራል።

ትልቁ ችግር የሚመጣው ፕሮግራሙ በመካከል ሌላ ጽሑፍ ሲያወጣ ነው። በሉፑ መካከል ተራ ፕሪንት ካለ ጽሑፉ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ይለጠፍና መስመሩ ከታች እንደገና ይሣላል፤ አሮጌው ቅሪት ግን ከላይ ይቀራል። መፍትሔው የላይብረሪውን የራሱን «ራይት» መጥራት ነው፦ መስመሩን ያነሣል፣ መልእክቱን ይጽፋል፣ መስመሩን ይመልሳል። ቅሬታው እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎች ላይብረሪዎች በውስጣቸው የሚያደርጉትን ፕሪንት በቀላሉ መቀየር አይቻልም።

መስኮቱ ሲጠብም ያው ነው። መስመሩ ታጥፎ ሁለት ረድፍ ከያዘ ካሪጅ ሪተርን የሚመልሰው ወደ ታችኛው ረድፍ ብቻ ነው፤ የላይኛው እዚያው ይቀራል። «ዳይናሚክ ኤንኮልስ» የተባለውን አማራጭ «ትሩ» ማድረግ ቀጣዩን መስመር በልኩ ያሳጥራል፣ የታጠፈውን ግን አያጸዳም። በአማርኛ መግለጫ ለሚሰጡት ሌላ ጣጣ አለ፦ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቦታ ተብሎ ይቆጠራል፤ የግዕዝ ፊደል ሰፋ ብሎ በተሣለባቸው ፎንቶች ግን «ጨ» ጎረቤቱን ይጋርዳል። መግለጫውን ማሳጠር ይረዳል።

የታቀዱም መስመር የሚወጣው በስታንዳርድ ኤረር (ከመደበኛው ውጤት በተለየ መውጫ) ስለሆነ መደበኛውን ውጤት ወደ ፋይል ማዞር አያበላሸውም። በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በራሱ በሚያስጀምር ፕሮግራም) ሲሠራና ሁለቱም መውጫዎች ወደ አንድ ሎግ ፋይል ሲገቡ ግን ሎጉ በመቶዎች ግልባጮች ይሞላል። «ዲስኤብል» የተባለውን አማራጭ «ነን» (None) ማድረግ በቂ ነው፤ ተርሚናል ከሌለ ዝም ይላል። ቀርፋፋ ኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መንገድ) ላይ ደግሞ በነባሪ 0.1 ሰከንድ የሆነውን «ሚን ኢንተርቫል» (መስመሩ የሚታደስበትን ትንሹን ክፍተት) ወደ 1 ማሳደግ ብልጭታውን ይቀንሳል።

ሰንጠረዥና ብዙ ቀለም የሚፈልግ ሪች የተባለውን ሌላ የፓይተን ላይብረሪ ይውሰድ፤ ለአንድ ሉፕ ግን ሪች ይከብዳል።