ጫማ ከውጭ፣ አሯሯጭ ከእንጦጦ

ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከውጭ ለምትመጡ ሁሉ ቁርጡን ልንገራችሁ፦ የመሮጫ ጫማችሁን እዚያው ገዝታችሁ፣ በእግራችሁ አለማምዳችሁ ኑ። አሯሯጭ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ፈልጉ። በአሯሯጩ አንጀቴ ርሷል፤ የጫማው ነገር ግን ዛሬም ስጽፈው ደሜን ያፈላዋል። ከንዴቱ ልጀምር።

ቦሌ ያለ፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ የስፖርት ዕቃ መደብር ነው፤ ስሙ ይቅር። "ኦሪጅናል ነው" የተባለ ጫማ 14,000 ብር ተጠራብኝ፤ አጠገቤ የቆመ የሰፈር ልጅ ለዚያው ጫማ 8,500 ተባለ። እሺ፣ የዲያስፖራ ዋጋ ለምደነዋል። ቁጥሬን "ከመጋዘን አስመጣለሁ" ብሎ 3,000 ብር ቀብድ ተቀበለ። ከዚያ "ነገ"፣ "ከሰዓት በኋላ"፣ "ልጁ መንገድ ላይ ነው"። ጫማው ሲመጣ የሶሉን ጠርዝ በእርጥብ ሶፍት ጠረግ አደረግኩት፤ ሶፍቱ ላይ ነጭ ቀለም ወጣ። ከቀለሙ ስር ወደ ቢጫ የሄደ፣ ጎኑ የተሸበሸበ አሮጌ ሶል አለ። ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ በማስቲሽ ተጣብቆ አዲስ ካርቶን የተፈለገለት ሰልባጅ ነው። ሻጩ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ከፋብሪካው እንዲህ ነው የሚወጣው" አለኝ። ቀብዴን ስጠይቅ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት አሳየኝ። ደረሰኝ ስል ደግሞ በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል አለ! ከረጅም ንትርክ በኋላ ግማሹ ብቻ ተመለሰ።

አሜሪካ የሩጫ ጫማ ብቻ በሚሸጥ ሱቅ መሮጫ ማሽን ላይ አስሩጠው፣ እግርህ ወዴት እንደሚያዘነብል አይተው ነው ጫማ የሚያቀርቡልህ። ሮጠህበት ካልተስማማህ የሚመልሱም ሞልተዋል። ቦሌ ይህን ሁሉ አልጠብቅም፤ ቀለም ያልተቀባ ጫማ መጠበቅ ግን ብዙ አይመስለኝም።

ሰልባጅን መናቄ አይደለም። ጥሩ ሰልባጅ በሰልባጅነቱ ዋጋ ከተሸጠ ከፎርጅድ አዲስ ጫማ ይሻላል። ችግሩ የሩጫ ጫማ የሚሞተው ከላይ ሳይሆን ከመሀል መሆኑ ነው። መሀል ያለው ስፖንጅ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ የመንጠር አቅሙን ያጣል፤ ጨርቁ ግን ገና አዲስ ይመስላል። ሳይሮጥበት መደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመም ቢሆን ስፖንጁ ይደርቃል፣ ሙጫው ይለቃል። በሞተ ስፖንጅ የሮጠ ሰው የሚከፍለው በቅልጥም ሕመምና በተረከዝ ነው።

እዚህ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ሱቁ ውስጥ እንዳላችሁ ይህን አድርጉ። የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጫኑት፤ ገባ ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት። ድንጋይ ከሆነ ወይም ገብቶ ከቀረ ተዉት። ሁለቱንም ጫማ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩ፤ አንዱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካጋደለ ሌላ ሰው ሮጦበታል። ውስጠኛውን ገበር አውጡት፤ ከስሩ የተረከዝና የጣት ቅርጽ ተቀርጾ ካገኛችሁ ያው ነው። ምላሱ ላይ ያለውን ትንሽ ጨርቅ አንብቡ፤ የሞዴሉ መለያ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ ላይ የተመረተበት ወርና ዓመትም አለ። ሶሉ ከጨርቁ ጋር በሚገናኝበት መስመር ዙሪያውን ጥፍራችሁን አስኪዱ፤ የተንጠባጠበ ማስቲሽ ወይም የሚከፈት ቦታ ካለ ከእንጦጦ ቁልቁለት አንድ ጠዋት አያልፍም።

ልኩን በቁጥር አትመኑ፤ የአንዱ ድርጅት 42 የሌላው 43 ነው። ምላሱ ላይ የተጻፈውን ሴንቲ ሜትር ተከተሉ። ወደ ማታ፣ እግር አበጥ ባለበት ሰዓት፣ በምትሮጡበት ካልሲ ለኩት። ቆማችሁ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ክፍት ቦታ ይቅር። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው ይህችን ቦታ ካላገኘ ጣቱ ጫፉን እየደበደበ ጥፍሩ ይጠቁራል። ለቁልቁለት የላይኛዋን የክር ቀዳዳ ተጠቀሙባት፤ ተረከዝ እንዳይንሸራተት የምታደርገው እሷ ናት።

ሁለት ጥንድ ብትይዙ ደግ ነው። ለአስፋልት የለመዳችሁትን ስፖንጅ ያለው ጫማ፤ ለባሕር ዛፉ ጫካና ለኮሮኮንች ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ከስሩ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው። የባሕር ዛፍ ቅርፊትና ቅጠል ሲረጥብ ሳሙና ነው፤ ሥሩም ከመሬት በላይ ይወጣል። ሶሉ ውስጥ ጠንካራ የካርቦን ዝርግ ያለበትን ወፍራም የውድድር ጫማ ለጫካ ይዘው የሚመጡ አሉ። ከፍ ስለሚል ቁርጭምጭሚት ያጥፋል፣ ስፖንጁንም ጠጠር ይቆርጠዋል። እሱን ለውድድር ቀን አስቀምጡት።

አሁን ወደ ደጉ ነገር። አሯሯጩ ወጣት ሯጭ ነው፣ በሰው በሰው የተገኘ። ለአንድ ጠዋት 1,200 ብርና የትራንስፖርት ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ እስከ መጨረሻው ሳንቲም አልጨመረም። 12 ሰዓት ካለ 12 ሰዓት ነው፤ አንድም ቀን "መንገድ ላይ ነኝ" አላለም። ሳይነጋ እንጦጦ አያወጣም፤ ጅብ ስላለ። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ለመብረር አለማጣደፉ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ጠዋት ራሱን ማሳየት ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከፊት ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። "አየሩ እስኪለምድህ" ነው መልሱ።

ትክክል ነው። አዲስ አበባ መሀል ከተማው 2,350 ሜትር አካባቢ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ 3,000 ይታለፋል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው ነው፤ ግፊቱ ግን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ያንሳል። ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ ጨምሮ ይህን ለማካካስ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ለዚያም ብረት ያስፈልገዋል። ከመነሳታችሁ በፊት የደም ምርመራ ስታደርጉ የብረት ክምችታችሁን አብራችሁ አሳዩ፤ በተለይ ሴቶች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ አፍ ይደርቃል፤ ውሃ ጠጡ፣ አረቄውን አቆዩት።

ልምምዱን እንዲህ ነው ያስኬደው፤ አሥር ኪሎ ሜትር በምቾት ለሚሮጥ ሰው ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት የእግር ጉዞና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሶምሶማ ብቻ፣ ያውም ወሬ እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። ወሬው ከተቆረጠ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ዳገት ላይ መራመድ ነውር የለውም። ሳምንቱ ሲሞላ ቀን እያለፉ 40 ደቂቃ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ የ60 ደቂቃ ረጅም ሩጫ፣ እንዲሁም አንድ ፋርትሌክ፦ አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ዘና፣ ስምንት ጊዜ። ፈጣኑን ሥራ እንጦጦ ላይ አያደርገውም፤ ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ ነው የሚወርደው፣ እግር ፍጥነቱን እንዳይረሳ። ጫካ ውስጥ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ነው የሚመራው፣ ሌላው ኮቴውን ተከትሎ በሰልፍ። ጥምዝምዙ ፍጥነትን በግድ ያበርዳል፣ እግርም ሁሌ አንድ ዓይነት እንዳይረግጥ ያደርጋል። ርቀት የሚለካውን የእጅ ሰዓቴን በእጅጌ አሸፍኖኛል፤ ዛፍ ስር ርቀቱን አዛብቶ ስለሚቆጥር ሰው ያለ ምክንያት ይበሳጫል። የውድድሩ ሳምንት ሩጫው በግማሽ ይቀንሳል። ለአንድ ሳምንት ብቻ የምትመጡ ከሆነ ፋርትሌኩን እርሱት፤ ሶምሶማው ይበቃል።

የመስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚወጣ የሚወርደውን ሕዝብ አይታችሁ በመጀመሪያው ሳምንት እንዳትቀላቀሉ፤ ባታችሁ ተይዞ ለቀናት ትነክሳላችሁ።

ስለ ሌላው ባጭሩ፦ ማረፊያው ንጹሕ ነበር፣ ሙቅ ውሃው እንደ ቀኑ ነው። ቁርስ ላይ ቅንጬ ጠይቁ፤ ለውጭ ሰው ብለው የሚያቀርቡትን ደረቅ ኬክ ተዉት። ወደ ሽሮ ሜዳ በስልክ የሚጠራው ታክሲ ከቆመው ኮንትራት ታክሲ ረክሶልኛል።

ውድድሩ ላይ ሰዓት አታስቡ። ባሕር ዳርቻ አሥር ኪሎ ሜትሩን በ50 ደቂቃ የሚገባ ሰው እዚህ 54 ወይም 55 ቢገባ ጎበዝ ነው፤ መነሻው ላይ ያለው ሕዝብ፣ ጭፈራው፣ ውሃ መረጫጨቱ ሳይቆጠር። በጊዜ ተገኝታችሁ ወደ ፊት ካልቆማችሁ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እርምጃ ነው።

ለአሯሯጫችሁ ከክፍያው ሌላ ጫማ ልታመጡለት ካሰባችሁ የእግሩን ልክ በሴንቲ ሜትር ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁት። እናንተ የጨረሳችሁትን አታምጡለት፤ በሳምንት 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሮጥ ሰው አዲሱንም ጫማ በወር ከምናምን ነው የሚጨርሰው። ካርቶኑን ጥላችሁ ውስጡን በካልሲ ሙሉት፤ ሻንጣ ውስጥ ቅርጹ አይበላሽም።