ደሴ ላይ አዲስ ሳይክል ልትገዙ ከሆነ ይሄን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ለራሳችሁም ሆነ ለልጆቻችሁ ሳይክል ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ 18,500 ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት። ከብሩም በላይ ወንድሜን ልጣው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ጠዋት ማታ ለባጃጅ የሚከፍለው ደሞዙን ስለጨረሰበት ሳይክል ልግዛልህ አልኩት። የኛ ደሴ ዳገት ስለሆነች ሳይክል ብዙም አይነዳባትም፣ ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ነው፣ ለሳይክል ይመቻል። እኔ ያለሁት ደሴ ስለሆነ እዚሁ አንዲት ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ጉዳዩ ገና ስላላለቀ ስሟንም ሰፈሯንም አልጽፍም።

ባለቤቱ ደህና አድርጎ ነው የተቀበለኝ። «ግቢ እህቴ፣ ከካርቶን ዛሬ ነው የሚወጣልሽ፣ የሰው እጅ አልነካውም» አለኝ። ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ባለ ማርሽ፣ ጥቁር ሳይክል ነው። ዋስትና አለው ወይ ስለው «ስድስት ወር። ምን ያሳስብሻል፣ እኔ አለሁ አይደል፣ የትም አልሄድም» አለኝ። አመንኩት። የሰጠኝ ደረሰኝ ግን በእስክሪብቶ «ሳይክል 1» ተብሎ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ነው። ማኅተም የለው፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለው፣ ስለ ዋስትናውም አንድ ቃል የለበትም።

ያኔ የማላውቀው አንድ ነገር ነበር። አዲስ ሳይክል በካርቶን ሲመጣ ሙሉ ለሙሉ ተገጥሞ አይደለም። መሪው፣ የፊት ጎማው፣ ኮርቻውና ፔዳሉ የሚታሰሩት እዚሁ ሱቁ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕቃው ከፋብሪካ ደህና ሆኖ ቢመጣ እንኳ የሚገጥመው ሰው ሊያበላሸው ይችላል። የኔን የገጠመው አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ነው፣ ባለቤቱ ከላይ ሆኖ «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» ይለዋል። የግራውን ፔዳል በእጁ ሞከረው፣ አልገባም። ደግሞ ሞከረው፣ አልገባም። ከዚያ ረጅም ቁልፍ አመጣና በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ጭርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍርፋሪም መሬት ላይ ሲራገፍ አየሁ። ቆሜ እያየሁ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው። አዲስ ስለሆነ ነው የጠበቀው ብዬ ዝም አልኩ። ልጁ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ያላስተማረው ነው ጥፋተኛው።

ወንድሜ እሑድ ደሴ መጥቶ እራሱ ነድቶት ሊወርድ ነበር ሐሳቡ። የሐረጎን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ፣ መታጠፊያው ብዙ ነው፣ ከፊትም ከኋላም የጭነት መኪና አለ። እምቢ አልኩትና ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ላክሁለት። አልሐምዱሊላህ እንኳን እምቢ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ደወለልኝና «እትዬ፣ የግራ ፔዳሉ ይወዛወዛል» አለኝ። አስጠብቀው አልኩት። በስድስተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ ቦርከና ድልድይ አካባቢ ፔዳሉ ወልቆ ወደቀ። እሱም አስፋልቱ ላይ ተዘረረ። ከኋላው የነበረው ባጃጅ ፍሬን ስለያዘ ለጥቂት ነው ወንድሜ የዳነው። ክርኑና ጉልበቱ ተልጧል፣ አንድ ሳምንት ክንዱን ማጠፍ አቅቶት ነበር።

ኮምቦልቻ ሳይክል የሚሠሩ አንድ አባት ጋ ይዘነው ሄድን። ገና ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ። ፔዳሉን አንስተው ጫፉን ወደ ብርሃን አዞሩልኝና «ነይ እይው ልጄ፣ ይሄ የቀኝ ነው» አሉኝ። ለካ የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠብቀው እንደሌላው ቡሎን ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ነው። እየነዳችሁ እንዳይላላ ታስቦ ነው እንዲህ የተሠራው። ለዚህም ነው የእያንዳንዱ ፔዳል ጫፍ ላይ አር ወይም ኤል የምትል የፈረንጅ ፊደል የምትቀረጸው፣ አር የቀኝ፣ ኤል የግራ ናት። የኔን አቀያይረው በግድ ነው ያስገቡት። የፔዳሉ ጫፍ ጠንካራ ብረት፣ የሚገባበት ክንድ ደግሞ አልሙኒየም ስለሆነ የክንዱን ጥርስ በላው። አሁን ማጥበቅ አይጠቅምም፣ ክንዱ ራሱ መቀየር አለበት። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካም ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር የታሰረው። እኔ ይሄን በምን አውቄ!

በዘጠነኛው ቀን ሳይክሉን ደሴ መልሼ ሱቁ ወሰድኩት። ያ «እኔ አለሁ» ያለኝ ሰውዬ ቀና ብሎም አላየኝም። «ወንድምሽ አንገላቶት ነው» አለ። ፔዳሉ ላይ ያለችውን ፊደል ሳሳየው ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ ጠቆመኝ። ስለ ስድስት ወሩ ስጠይቀው «የታል የተጻፈው?» አለኝ።

እናንተ ግን እንዲህ አድርጉ። ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ሲገጣጠም አጠገቡ ቁሙ። ፔዳል መጀመሪያ በጣት ብቻ ብዙ ዙር መግባት አለበት፣ ገና ከጅምሩ ቁልፍ ከፈለገ አስቁሙት። የፊት ጎማውን አንሱና አሽከርክሩት፣ የፍሬኑን ጎማ እየነካ የሚወላገድ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፣ መሪው ሥር ቋ ቋ ካለ አልታሰረም ማለት ነው። የፍሬኑ መያዣ እስከ መሪው ድረስ ከተጨበጠም አትውሰዱት። ከፔዳሎቹ መሐል ታችኛው ብረት ላይ ብዙ ጊዜ የተመታ ቁጥር አለ፣ ያቺን ቁጥርና ዋስትናውን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ባለሱቁ አልጽፍም ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት ለገዢ ይሰጣል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከአዋጅ አይበልጥም። እኔም በቀኑ ውስጥ ስለሆንኩ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ፔዳሉን፣ ብጣሹን ወረቀትና ያነሳሁትን ፎቶ ይዣለሁ።

ሳይክሉ አሁን አንድ ፔዳል ብቻ ይዞ ቤቴ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወንድሜም ወደ ባጃጁ ተመልሷል። ደሴ ውስጥ ፔዳሉ የወለቀበት ወይም ሹካው ተገልብጦ የታሰረበት ሳይክል የገዛ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ከአንድ ሱቅ ከሆነ የገዛነው አብረን እንሄዳለን።