ከጭነት መኪና ሸራ የተሰፉ የብስክሌት ቦርሳዎች፦ በሽንሌ በረሃ የአንድ ቀን ፈተና

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ባለው በረሃ ውኃ፣ ስንቅና መኝታ በብስክሌት ጭኖ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው፣ ከብስክሌቱ ቀጥሎ አጥብቆ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ቦርሳው ነው። ከተማችን ሜዳ በመሆኗ ብስክሌት ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮን ያለ ነው፤ ነገር ግን በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር መንዳትና ጥላ በሌለበት አገር ቀኑን ሙሉ መንዳት አንድ አይደሉም። ባለፈው ዓመት የገዛሁትን ከውጭ የመጣ ቀጭን የናይለን ቦርሳ በሁለተኛው ጉዞዬ የግራር እሾህ ዘርጥጦ ስለቀደደብኝ፣ ዘንድሮ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ ሦስት ቦርሳዎች አሰፋሁ። አንደኛው በቴላዮው (በብስክሌቱ የብረት አካል) መካከል የሚገባ፣ ሁለተኛው ከኮርቻው ኋላ የሚንጠለጠል፣ ሦስተኛው በመሪው ላይ የሚታሰር ጥቅል ነው። ለሦስቱም 4,200 ብር ከፍያለሁ፤ ሥራው አምስት ቀን ፈጅቷል።

አሠራራቸውን ቆሜ ስለተመለከትኩ ጥቂት ልበልበት። ብስክሌቱን ከግድግዳ አስደግፈው ካርቶን በቴላዮው መካከል አስገቡና ዳር ዳሩን በእርሳስ አሰመሩ፤ ፔዳል ስመታ ጉልበቴ የሚያልፍበትን ቦታ ለማየትም ኮርቻው ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያም «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ውኃ ነው አባባ» ብዬ ስመልስ፣ «እንግዲያው ስፌቱ ሁለት ጊዜ ይሄዳል» አሉና የሥሩን ስፌት በወፍራም ናይለን ክር ደገሙት። ዕቃ ሸጠውልኝ የሚያውቁ መደብሮች ቦርሳው ምን እንደሚሸከም ጠይቀውኝ አያውቁም።

ፈተናው የተካሄደው በጥር ወር፣ ሙቀቱ ከግንቦትና ከሰኔ በጣም በሚለዝብበት ጊዜ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ በሽንሌ በኩል፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰውን የድሮውን የባቡር ሐዲድ እየተከተልኩ ወደ አዲጋላ አቅጣጫ ነዳሁ፤ 45 ኪሎ ሜትር ሄጄ በዚያው ተመለስኩ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን አገሩ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ስለዚህ የጠዋቱ መንገድ እጅግ ይቀላል፣ የከሰዓቱ መመለሻ ግን ሙሉ በሙሉ ዳገት ባይሆንም ሰው ሲደክም የሚገኝ ቀስ ያለ ሽቅብ ነው። ውኃ የሚያልቅበትም በዚህ መመለሻ ላይ በመሆኑ፣ አራት ባለሁለት ሊትር ሃይላንድ፣ ማለትም ስምንት ኪሎ ውኃ ጭኜ ነበር።

በቴላዮው መካከል የሚገባው ቦርሳ ያለምንም ማመንታት የማደንቀው ነው። ሁለቱን ሃይላንድ፣ ፖምፓውን፣ ሁለት ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) እና የመፍቻ ጥቅሉን ይዞ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ጥቅሙ ጎልቶ የታየኝ ደረቅ ወንዝ ስሻገር ነበር፤ አሸዋው የፊቱን ጎማ ይውጠዋል፣ ነፋስ ቀንሶ ጎማውን ካላለዘቡት በስተቀር መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ክብደቱ መሐልና ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ብስክሌቱ ወደ ጎን አይወድቅም። (በደረቅ ወንዝ ውስጥ ጥላ ቢገኝም አላርፍበትም፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱን ጎርፍ ያየ ሰው፣ ከላይ ደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ደመና በሌለበት ሜዳ ላይ ድንገት እንደሚደርስ ያውቃል።) እሾሁም ሸራውን ሁለት ቦታ ከመጫር በቀር አላለፈውም።

ድክመቱ ዚፑ ላይ ነው። እኩለ ቀን ሳይደርስ ዱቄት የመሰለው ነጭ አቧራ በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ስለያዘው፣ ለመክፈት ስታገል መጎተቻው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ በሽቦ እየሳብኩ ነበር የምከፍተው። ለበረሃ የሚሰፋ ቦርሳ አፉ ተጠቅልሎ በዘለበት የሚታሰር እንጂ ዚፕ ያለው መሆን የለበትም፤ ይህን አስቀድሜ ባለማሳሰቤ እኔም ድርሻ አለኝ።

ከኮርቻው ኋላ የሚንጠለጠለው ቦርሳ ግን አላረካኝም። ቀሪዎቹን ሁለት ሃይላንድ እዚያ በማስገባቴ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዝ ነበር፤ በ30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ቆሜ ስመለከት ከኮርቻው ሥር ካለው ብረት ጋር የሚያያይዘው ጠፍር ከሥሩ መተርተር ጀምሯል። ክሩ የተቆረጠው አንድ በአንድ ነበር፤ አምስቱ ጥልፍ ወጥቶ ስድስተኛው ጸጉር አክሎ ቀርቷል። ጠንካራ ሸራ ላይ የተሰፋ ቀጭን ጠፍር ጭነቱን ሁሉ በጥቂት ጥልፎች ላይ እንዲያርፍ ስለሚያደርግ፣ ጉድለቱ የሸራው ሳይሆን የአሰፋፉ ነው። ደግነቱ ወስፌና ክር ይዤ ስለነበር በግራር ሥር ተቀምጬ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰፋሁት፤ ይህም ቦርሳው በመንገድ ላይ ሊጠገን የሚችል መሆኑን አሳይቶኛል፣ ያ የናይለኑ ግን ወስፌ ሲነካው ይብሱን ይቀደድ ነበር።

እየሰፋሁ ሳለሁ ፍየሎች የሚነዱ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ደረሱና «ቢዮ» አሉኝ፤ በሶማሊኛ ውኃ ማለት ነው። ውኃ አውጥቼ ስሰጣቸው ግን አፍሬያለሁ፤ ፕላስቲክ የተቀባው ሸራ አየር ስለማያስተላልፍ ውኃው ለሻይ የተጣደ ይመስል ሞቆ ነበር። ልጁ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ፤ እናቱ ግን የያዝኩትን ጆንያ በእጃቸው አመለከቱኝና አንዱን ሃይላንድ ጠቅልለው፣ ጥቂት ውኃ አፍስሰውበት መሪው ላይ አሰሩልኝ። የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ጀሪካናቸውን የሚያቀዘቅዙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ደረቅ ነፋስ የጆንያውን እርጥበት ሲያተን ሙቀቱን አብሮ ይወስዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ ውኃ ጉሮሮ የሚያርስ ሆነ። እንግዲህ ሸራ ስንቅንና ልብስን ከአቧራ ለመጠበቅ ወደር የለውም፤ የሚጠጣ ውኃ ግን ቢያንስ አንዱ ጠርሙስ ከቦርሳው ውጭ በጆንያ መታሰር አለበት።

የመሪው ጥቅል መኝታዬንና ቴምሬን ይዞ ያለችግር ተመልሷል።

ሦስቱ ቦርሳዎች ባዷቸውን 2.4 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ክብደት የሚያስጨንቀው ሰው ይህን አይወድደው ይሆናል። ለእኔ ግን በዚህ አገር እሾህ የማይበሳው አንድ ኪሎ ትርፍ ሸራ ተሸክሞ መሄድ ተቀድዶ ከመቆም ይሻላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከተማ ገባሁ፤ ሰኞ ዕለትም ቦርሳውን ይዤ ወደ ሰፊው አባት ሄድኩ። የተተረተረውን ቦታ በጥፍራቸው ገልጠው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና፣ አንድም ምክንያት ሳይሰጡ፣ ከሥሩ የመዳፍ ስፋት ያለው ቆዳ ደርበው በመስቀለኛ ስፌት መልሰው ሰፉት፤ ዚፑንም አውጥተው አፉን በሚጠቀለል ሸራና በሁለት ዘለበት ተኩልኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን መለሱት። የካቲት ውስጥ በኤረር በኩል ሁለት ቀን አድሬ እሞክረዋለሁ፤ በዚህኛው ጉዞ ውኃውን ሁሉ ከቴላዮው መካከልና ከመሪው ላይ አደርጋለሁ፣ ከኮርቻው ኋላ የሚቀመጠው ልብስ ብቻ ይሆናል።