ሶላር ካስገጠምኩ አንድ ክረምት አለፈ፣ እቃው አሪፍ፣ ገጠማው ግን...

ሶላር ላስገባ ወይስ ልተወው እያላችሁ ለምታመነቱ፣ በተለይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላላችሁ። እኛ ያስገጠምነው ሚያዝያ ላይ ነው፣ አያት አካባቢ፣ ጂ ፕላስ ዋን ቤት። 550 ዋት ፓኔል 6 ፍሬ፣ 5 ኪሎዋት ሀይብሪድ ኢንቨርተር (የፓኔሉን፣ የባትሪውንና የመብራት ኃይሉን አቀናጅቶ ለቤቱ የሚያደርሰው ሳጥን)፣ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ሊትየም ባትሪ። ከብሩ ግማሽ የሚጠጋውን የበላው ባትሪው ነው። የአሲዱ ባትሪ በጣም ይረክሳል ግን ከግማሽ በታች እያወረድክ ከተጠቀምክበት ቶሎ ይሞታል፣ ጎረቤቴ ጋ አብጦ ስላየሁት አልነካሁትም።

እቃው ላይ ምንም አልልም፣ 5 ከ 5። አሁን መብራት መሄዱን የምናውቀው የሰፈሩ ልጆች "መጣ!!" ብለው ሲጮሁ ነው 😂 ፍሪጅ፣ ዋይፋይ፣ ቲቪ፣ አምፖል ሁሉም አድሮ ጠዋት ባትሪው ገና ይተርፈዋል።

ምጣድ ላይ ግን እንነጋገር። ሻጩ "ምጣድም ይችላል" ብሎኛል፣ አልዋሸም ግን ሙሉውን አልነገረኝም። የኛ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል ይጎትታል፣ ስለዚህ ማታ ከባትሪ ከጋገርክ በአንድ ሰዓት ምናምን ጭጭ ነው። ይሄን ያወቅነው የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነው፣ መብራት የለም፣ እማዬ ምጣዱን ጥዳ እየጋገረች ባለቤቴ ደግሞ ለቡና ብላ የውሃ ማፍያውን ሰካችው፣ ኢንቨርተሩ ጢ ጢ ጢ ብሎ ቤቱ ድርግም። እማዬ በጨለማ ውስጥ "ያን ሁሉ ብር የበላው ይሄ ነው?" አለች። አሁን እንጀራ የሚጋገረው ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ ነው፣ ሌላ ከባድ ነገር ሳይሰካ፣ ተላምደነዋል።

አሁን ወደ ገጠማው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ምናልባት ሌላ ሰው ጋ ጥሩ ሰርተው ይሆናል። ሁለት ልጆች ነው የላኩት፣ ፈጣኖች ናቸው፣ በግማሽ ቀን ጨርሰው ወረዱ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ምሳ ጋብዤ ሸኘኋቸው። ሰኔ ሲገባ ሳሎን ኮርኒስ ላይ የሻይ የሚመስል ክብ ነገር ወጣ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሰሀን አከለ። ለካ ብሎኑን የመቱት ቆርቆሮው ጎድጎድ ያለበት ላይ ነው፣ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ላይ ማለት ነው፣ ያውም ያለጎማ። ደወልኩ፣ "ነገ እንመጣለን"። የነሱ ነገ ሶስት ሳምንት ነው። መጥተውም እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሲልከን ለቅልቀው ሄዱ፣ በሳምንቱ ተመልሶ አፈሰሰ። በመጨረሻ የሰፈራችን ቆርቆሮ ሰሪ ነው ብሎኑን እየነቀለ ከፍ ያለው ሸንተረር ላይ ከነጎማው መልሶ የመታው፣ የድሮዎቹን ቀዳዳዎችም የደፈነው። ይሄ ሰውዬ ስለሶላር ምንም አያውቅም፣ ስለዝናብ ግን ያውቃል።

ሌላው ሮቶው ነው። ፓኔሎቹን ከሮቶው ማማ አጠገብ ነው የደረደሯቸው፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ጥላው አንዱ ላይ ይወድቃል፣ ስድስቱ በአንድ መስመር ስለተቀጣጠሉ የአንዱ ጥላ ሁሉንም ይጎትታቸዋል። የኢንቨርተሩ የስልክ አፕ ላይ በየቀኑ በዛው ሰዓት ምርቱ ዝቅ ሲል እያየሁ ደመና ይመስለኝ ነበር። አሁን ሁለቱን ወደ ምስራቅ አሻግረናቸዋል። ከመገጠሙ በፊት ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ጥላው ከሰዓት የት እንደሚያርፍ እዩ፣ ወደየት ይዙር የሚለው ያን ያህል አያስጨንቃችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ውሃ እንዲወርድ ትንሽ ዘንበል ካለ ይበቃል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ሲከርም ባትሪው የማይሞላባቸው ቀኖች ነበሩ፣ ያኔ ከመብራት ኃይል እንዲሞላ አድርገነዋል፣ ቆጣሪ አስነቅላለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ተዉት። የመብረቅ መከላከያና ኧርዝም (ወደ መሬት የሚቀበረው ሽቦ) ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ አይገጥሙላችሁም፣ እኔ በኋላ ለብቻ ከፍዬ ነው ያሰራሁት። በጋ ላይ ደግሞ አቧራው ስለሚበዛ ጠዋት ሳይሞቅ በስፖንጅ ጠረግ ማድረግ ነው።

ለገጠማው 2 ከ 5፣ ሁለቱም ስለፍጥነታቸው። ኮርኒሱን ገና አላስቀባሁትም፣ አንድ ክረምት ደግሞ ልየው ብዬ።